ቋንቋውን ሳትችሉ በሙያችሁ ውጭ አገር ለመሥራት፦ የቱ መንገድ ለማን ያዋጣል?

«ቋንቋ የማይጠይቅ አገር የቱ ነው?» ብዙ ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው በዚህ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ጊዜውንም የሚበላው ይኸው ጥያቄ ነው። ነገሩ ከአገር አገር ከመለያየቱ በፊት ከሙያ ሙያ ይለያያል። አንድ አገር የሶፍትዌር ባለሙያን በእንግሊዝኛ ብቻ ቀጥሮ፣ ነርስን ግን ረጅም የቋንቋ ትምህርት ጨርሰሽ ነይ ሊላት ይችላል። እዚያው ከተማ ውስጥ፣ በዚያው ሕግ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቋንቋ የሚጠየቀው ሦስት ቦታ ነው። ቪዛ የሚሰጠው ክፍል አለ፣ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው አካል አለ፣ ቀጣሪው አለ። ሦስቱም የየራሳቸው መስፈርት አላቸው፤ አንዱን አለፋችሁ ማለት ሌላውን አለፋችሁ ማለት አይደለም። ጀርመንን እንይ። ብሉ ካርድ የሚባለው የባለሙያ መኖሪያ ፈቃድ ጀርመንኛ አይጠይቅም። ሐኪም ከሆናችሁ ግን የሙያ ፈቃድ ሰጪው አጠቃላይ ጀርመንኛ በቢ2 (የአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ ከጀማሪው ኤ1 ተነስቶ በኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1 እያለ እስከ ሲ2 ይወጣል)፣ በላዩ ላይ ደግሞ በሲ1 ደረጃ የሕክምና ቋንቋ ፈተና ይጠይቃችኋል። መሐንዲስ ከሆናችሁ ደግሞ ፈቃድ ሰጪው ላያስጨንቃችሁ ይችላል፣ ግን በአንድ ትንሽ ከተማ ያለ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሲቪያችሁን አይቶ «ከሠራተኞቼ ጋር በምን ቋንቋ ሊግባባ ነው?» ብሎ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ «ቪዛው ቋንቋ አይጠይቅም» የሚል ነገር ስትሰሙ ደስታችሁን ለጊዜው ያዝ አድርጉት። ከሦስቱ በሮች የተከፈተው አንዱ ብቻ ነው።

አገሩን ሳይሆን የሥራ ቀን ውሏችሁን አስቀድሙ

በሥራ ላይ ስትውሉ ከማን ጋር ነው የምታወሩት? ከታካሚ፣ ከደንበኛ፣ ከተማሪ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ከሆነ የአገሩ ቋንቋ ዛሬ ባይሆን ነገ ይመጣባችኋል። ከኮድ፣ ከማሽን፣ ከንድፍ፣ ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር ከሆነ ሰፊ ዕድል አላችሁ። ሕግና ሒሳብ አያያዝ የሚያሳስቱት እዚህ ላይ ነው። ሒሳብ ቁጥር ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ፣ ሥራው ግን የአገሩን የግብር ሕግ በአገሩ ቋንቋ ማንበብ ነው። ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ካልሆነ በስተቀር ለሒሳብ ባለሙያ ያለ ቋንቋ መግባት ከባድ ነው።

ይህን ከለያችሁ በኋላ ነው መንገዶቹን ማወዳደር ትርጉም የሚኖረው።

ቢሮው በእንግሊዝኛ የሚሠራበት አገር፦ ኔዘርላንድስና ስካንዲኔቪያ

እንግሊዝኛችሁ ጥሩ ከሆነና ሙያችሁ ቴክኖሎጂ፣ ምሕንድስና፣ ምርምር ወይም ዳታ ከሆነ እኔ መጀመሪያ እንድታዩ የምመክረው ኔዘርላንድስን ነው። «ከፍተኛ ሙያ ያለው ስደተኛ» የሚሉት ፈቃድ የደችኛ ፈተና የለውም። ወሳኙ ነገር ደመወዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ዕድሜው 30 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው በወር 5,688 ዩሮ፣ ከ30 በታች ለሆነ 4,171 ዩሮ ነበር ዝቅተኛው። ቁጥሩ በየዓመቱ ስለሚቀየር ስታመለክቱ የዓመቱን እዩ።

ጊዜ የሚቆጥብላችሁ ሌላ ነገር አለ። በዚህ ፈቃድ ሊያስመጣችሁ የሚችለው የአገሩ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ስፖንሰር ብሎ ያወቀው ድርጅት ብቻ ነው፣ የእነዚህ ድርጅቶች ስም ዝርዝር ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው። አንድ ድርጅት ሥራ አለኝ ካላችሁ ዝርዝሩ ላይ ስሙን ፈልጉ። ከሌለ በዚህ መንገድ ሊወስዳችሁ አይችልም፣ አለቀ። ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ከዝርዝሩ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ድርጅቱን ምረጡ፣ የቅጥር ገጹን ክፈቱ፣ ማስታወቂያው በምን ቋንቋ እንደተጻፈ እዩ። ፌልድሆቨን ያለው የቺፕ ማምረቻ ማሽን ሠሪ ኤኤስኤምኤል ከብዙ አገር ሰው ሰብስቦ በእንግሊዝኛ የሚሠራ ድርጅት ነው፤ እንደሱ ያሉ ትላልቅም ትናንሽም አሉ።

ጉዳቱስ? ሥራው ከጠፋ አዲስ ቀጣሪ ለመፈለግ የሚሰጣችሁ እስከ ሦስት ወር ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቋንቋውን የማይችል ሰው ሊያመለክትባቸው የሚችሉት ቦታዎች ደችኛ ከሚችለው በጣም ያንሳሉ። ቋሚ መኖሪያ ስትጠይቁም የቋንቋና የማኅበራዊ ውህደት ፈተና አለ። የጤና ባለሙያ ከሆናችሁ ይህ መንገድ ለእናንተ አይደለም፤ ለሙያ ምዝገባው ደችኛ ግድ ነው። ስዊድን፣ ዴንማርክና ኖርዌይም ከሞላ ጎደል እንዲሁ ናቸው፣ ቴክኖሎጂው በእንግሊዝኛ፣ ሆስፒታሉ በአገሩ ቋንቋ።

የባሕረ ሰላጤው አገሮችና ሲንጋፖር

እዚህ ቋንቋው ጭራሽ ችግር አይሆንም ማለት ይቻላል። ዱባይ፣ ዶሃ፣ ሪያድ ውስጥ በግል ድርጅት የሙያ ሥራ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከጎናችሁ የሚቀመጡት ሰዎችም ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ከላይ ካየነው በተቃራኒ ለነርስና ለፋርማሲስት እንኳ የፈቃድ ፈተናው በእንግሊዝኛ በኮምፒውተር የሚሰጥ ነው፤ ከዚያ በፊት ዲግሪያችሁና የሥራ ልምዳችሁ ከምንጩ ይጣራል። ይህ ማጣራት ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ዩኒቨርሲቲያችሁና የቀድሞ አሠሪያችሁ ለሚላክላቸው ጥያቄ የሚመልስ ሰው እንዳላቸው ከወዲሁ አረጋግጡ። ብዙ ፋይል የሚቆመው ማንም ኢሜይሉን ስላልመለሰ ነው።

ልዩነቱ ያለው ቆይታው ላይ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ በአብዛኛው ከሥራው ጋር የታሰረ ነው፣ ሥራው ሲያልቅ ፈቃዱም ያልቃል። እንደ ኤምሬትስ ያለው የአሥር ዓመት ወርቃማ ቪዛ አለ፣ ግን ለተወሰነ ክፍል ነው እንጂ ለሁሉም አይደለም። ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አለመቆረጡ ትልቅ ነገር ነው፤ ስለዚህ ለተወሰኑ ዓመታት ሠርቶ ገንዘብ መያዝ ዓላማችሁ ከሆነ ይህን መንገድ የሚያህል ላይኖር ይችላል። ቤተሰብ ይዞ ሥር መስደድ ከሆነ ሐሳባችሁ ግን ሌላውን አስቡ።

ሲንጋፖር እንግሊዝኛ ከኦፊሴላዊ ቋንቋዎቿ አንዱ ነው፤ ቢሮውም በእሱ ይሠራል። ማመልከቻውን የሚያስገባው ቀጣሪው ነው፣ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) መስከረም ጀምሮ ደግሞ አብዛኛው አመልካች በነጥብ ይመዘናል። ደመወዝ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የድርጅቱ የሠራተኛ ስብጥር ይታያል፣ ቋንቋ አይታይም።

ጀርመን፦ ቪዛው ይገኛል፣ ሥራውስ?

ጀርመን ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ተስፋ አድርጎ የሚሄድባትም፣ ደርሶ የሚደናገጥባትም አገር ናት።

ከሰኔ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «የዕድል ካርድ» የሚባል አለ። ቅጥር ሳይኖራችሁ ገብታችሁ እስከ አንድ ዓመት ሥራ እንድትፈልጉ ይፈቅዳል። በነጥብ ለመወዳደር መነሻው በተማራችሁበት አገር መንግሥት የሚያውቀው ዲግሪ ወይም ቢያንስ የሁለት ዓመት የሙያ ሥልጠና ነው፤ ከቋንቋ ደግሞ ወይ ጀርመንኛ በኤ1 ወይ እንግሊዝኛ በቢ2። ከዚያ ስድስት ነጥብ ማሟላት ነው። ለምሳሌ የ33 ዓመት ሰው ነው እንበል። በዕድሜው 2 ነጥብ ያገኛል። ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ በሙያው አምስት ዓመት ከሠራ 3 ነጥብ። ሙያው እጥረት አለበት ከሚባሉት ዝርዝር ውስጥ ከሆነ 1 ነጥብ። ስድስት ሞላ። አንድ ቃል ጀርመንኛ ሳይናገር ማለት ነው። በ2025 ለአንድ ዓመት መኖሪያ ማሳየት ያለበት ገንዘብ በወር 1,091 ዩሮ ነበር፤ እዚያ ሆኖ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል።

ጥሩ ይመስላል። ጥሩም ነው። ነገር ግን ይህ ካርድ ሥራ አይደለም፣ የመፈለጊያ ጊዜ ነው። በርሊን ወይም ሙኒክ በእንግሊዝኛ የሚሠሩ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች አሉ፤ ፕሮግራመር ከሆናችሁ ካርዱን ትታችሁ ከቤታችሁ ሆናችሁ ለቅጥር ብትወዳደሩና በብሉ ካርድ ብትገቡ ይሻላችኋል። የብሉ ካርዱ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2025 በዓመት 48,300 ዩሮ ነበር፣ እጥረት ላለባቸው ሙያዎች 43,759.80። የአይቲ ባለሙያ ዲግሪ ባይኖረውም ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ ሦስት ዓመት በሙያው ከሠራ ማመልከት ይችላል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ኤሌክትሪሻን፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ መካኒክ ከሆናችሁ ግን ቀጣሪዎቻችሁ ትናንሽ ድርጅቶች ናቸው። ባለቤቱ ራሱ ስልክ አንስቶ የሚያነጋግራችሁ፣ ከዚያም ብቻችሁን ደንበኛ ቤት የሚልካችሁ ዓይነት። ለእነሱ ቢያንስ ቢ1 ሳትይዙ በዕድል ካርድ ገብቶ ያጠራቀሙትን መብላት አይመከርም።

ቋንቋው ከገባችሁ በኋላም ዋጋ አለው። ብሉ ካርድ ያለው ሰው በኤ1 ጀርመንኛ ከ27 ወር በኋላ ቋሚ መኖሪያ መጠየቅ ይችላል፤ በቢ1 ከሆነ በ21 ወር። ስድስት ወር ልዩነት ነው። ሄደን እንማራለን የምትሉ ከሆነ ከመጀመሪያው ወር ጀምሩ፣ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ የሚሠራ ቢሮ ውስጥ የገባ ሰው ዓመታት አልፈውም ዳቦ ቤት ውስጥ በጣት ሲያሳይ ይገኛል።

ማመልከቻ ከመጀመራችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲያችሁና ዲግሪያችሁ አናቢን በሚባለው የጀርመን የመረጃ ቋት ውስጥ እንዴት እንደተመዘገቡ እዩ። ነፃ ነው። ካልተሟላ የአቻ ግምት ወረቀት ማሠራት ይኖርባችኋል።

ጃፓን ሁለት ዓይነት ናት

ለመሐንዲስና ለአይቲ ባለሙያ የሚሰጠው ቪዛ በመርህ ደረጃ የቋንቋ ፈተና የለውም። በእንግሊዝኛ ለመሥራት የወሰኑ ድርጅቶችም አሉ፤ የኢንተርኔት ንግድ ድርጅቱ ራኩተን በ2010 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝኛን የድርጅቱ የሥራ ቋንቋ እንደሚያደርግ አስታውቆ በ2012 ሙሉ በሙሉ ገባበት። በነጥብ በሚመዘነው የከፍተኛ ባለሙያ ፈቃድ 70 ነጥብ ያለው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ 80 ያለው ከአንድ ዓመት በኋላ ቋሚ መኖሪያ መጠየቅ መቻሉ ብዙ አገር የማይገኝ ነው። በሌላ በኩል በ2019 የተጀመረው የልዩ ክህሎት ሠራተኞች ቪዛ፣ ማለትም የግንባታው፣ የእንክብካቤው፣ የማምረቻው፣ መሠረታዊ የጃፓንኛ ፈተናና የሙያ ፈተና አለው። ያለ ቋንቋ አይሞከርም።

አገር ሳይሆን ሙያው ራሱ በሚያግባባበት

ይህ ብዙም የማይወራለት መንገድ ነው፣ ለእጅ ባለሙያ ግን ከሁሉም የተሻለ ሊሆን ይችላል።

በያጅን እንይ። ትልቅ የቧንቧ ወይም የመርከብ ሥራ ላይ ሲቀጠር ዋናው ፈተና ቃለ መጠይቁ አይደለም። ቧንቧ በ45 ዲግሪ አዘንብሎ ይታሰርለታል፤ ቧንቧው አይዞርም፣ እሱ ነው እየዞረ የሚበይደው። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ እጁ የማይመችበት ቦታ ሳይቀር። ሲጨርስ ብየዳው በራጅ ይታያል ወይም ተቆርጦ ይታጠፋል፤ ከተሰነጠቀ ወደቀ፣ ካልተሰነጠቀ አለፈ። 6ጂ የሚሉት ይህን ነው። ይህን ያለፈ ሰው ወረቀቱ ብዙ አገር ይነበባል፤ በአውሮፓ ደረጃ ከሆነ አይሶ 9606 የሚባለው የበያጆች መመዘኛ ነው፣ ስድስት ስድስት ወር እየተረጋገጠ የሚሄድ። ስለዚህ የምትበይዱ ከሆነ ለቋንቋ ኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት ለዚህ ፈተና ብትከፍሉ ያዋጣችኋል ብዬ አምናለሁ።

ግን ብየዳው ቋንቋ ባይፈልግም ሳይቱ ይፈልጋል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፎርማኑ ሰው ሰብስቦ ዛሬ ክሬኑ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የትኛው ታንክ ውስጥ ያለ ፈቃድ እንደማይገባ ይናገራል። አምስት ደቂቃ ነው። አጠገባችሁ ያለው ሰው ራሱን ሲነቀንቅ አይታችሁ እናንተም ነቀነቃችሁ፣ አልገባችሁም ግን። ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው። የደኅንነት ሥልጠናው በምትሰሙት ቋንቋ መሰጠቱን ሳታረጋግጡ ወደ ምንም ሳይት አትግቡ። በኔዘርላንድስና በቤልጂየም ቪሲኤ የሚባለውን የደኅንነት ፈተና በተለያዩ ቋንቋዎች፣ በእንግሊዝኛም ጭምር መፈተን ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ጠይቁ።

ባሕርና አየርም የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2001 (እ.ኤ.አ.) ለመርከብ ላይ ንግግር የተወሰኑ መደበኛ የእንግሊዝኛ ሐረጎችን አጽድቋል፤ የመርከብ መኮንን የሚሆን ሰው እነሱን ማወቅ አለበት። የሥራ ሰነዶቻችሁ በዓለም አቀፉ የሥልጠና ስምምነት መሠረት ከሆኑ በሌላ አገር ባንዲራ በሚሄድ መርከብ ላይም ተቀባይነት ሊያገኙ ይችላሉ፤ የመኮንን ሰነድ ከሆነ ግን የባንዲራው አገር ማጽደቅ አለበት። የአውሮፕላን ጥገናም እንዲሁ ነው፣ መመሪያዎቹ ሆን ተብሎ ቀለል ባለ ቴክኒካል እንግሊዝኛ የሚጻፉ ናቸው። የአውሮፓን የጥገና ፈቃድ የያዘ መካኒክ አገር ሲቀይር ቋንቋ ሁለተኛ ጉዳይ ነው የሚሆንበት።

ነርስ ከሆናችሁ

ምርጫው በሦስት መካከል ነው። አንደኛው የእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር ነው። ለብሪታንያ የነርሶች ምክር ቤት አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በማዳመጥ፣ በማንበብና በመናገር 7፣ በመጻፍ 6.5 ያስፈልጋል፤ በምትኩ ለጤና ባለሙያ የተዘጋጀውን ኦኢቲ መፈተን ይቻላል። አጠቃላይ እንግሊዝኛ ላይ የሚቸገር፣ የሆስፒታል እንግሊዝኛ ላይ ግን ጎበዝ የሆነ ሰው ኦኢቲው ይቀለዋል። ሁለተኛው የባሕረ ሰላጤው ነው፣ ከላይ አይተነዋል። ሦስተኛው ጀርመን ነው። ብዙ ጊዜ በቢ1 መግባት ይቻላል፣ ለሙሉ የሙያ ፈቃዱ ግን ቢ2 ነው። ጀርመንኛ የሚያስተምረውና የሚፈትነው የጎተ ተቋም ቢ2 ለመድረስ ከ600 እስከ 800 የሚደርስ የ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል ይላል። ከሥራ ጋር እያቻቻሉ ለሚማር ሰው ይህ ከዓመት በላይ ነው።

አንዳንድ የጀርመን ቀጣሪዎች ቋንቋውን ከፍለው ያስተምራሉ። መልካም ነው፣ ግን ውሉ ላይ «ከዚህ ጊዜ በፊት ከለቀቅሽ ይህን ያህል ትመልሻለሽ» የሚል አንቀጽ ሊኖር ይችላል። ስንት እንደሆነ፣ በየወሩ እየቀነሰ መሄድ አለመሄዱን ሳታውቁ አትፈርሙ።

በኤጀንሲ ወይስ በራስ?

ለሶፍትዌር፣ ለምሕንድስናና ለምርምር በራስ። ኤጀንሲው የሚያደርግላችሁን ሊንክድኢንና የድርጅቶቹ የቅጥር ገጽ ያደርጉላችኋል። ለነርስ፣ ለመርከብና ለትላልቅ የግንባታ ሥራዎች ኤጀንሲ የተለመደ ነው፣ መጥፎም አይደለም። መለያው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1997 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው 181ኛው ስምምነት፣ ከተፈቀዱ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይወስድ ይላል፤ ኤምሬትስም ቀጣሪ የቅጥር ወጪን ሠራተኛው ላይ እንዳይጭን በሕግ ከልክላለች። የፈተና፣ የትርጉም፣ የፓስፖርት ወጪ የእናንተ ሊሆን ይችላል። «ሥራውን ላስይዝላችሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ግን ደላላ ነው፣ ዞር በሉለት። ቋንቋውን የማይችል ሰው ወረቀቱን ራሱ አንብቦ ስለማያጣራ ለእነዚህ ሰዎች ቀላል ነው። ይህ በጣም ያናድደኛል።

ማስታወቂያውን አንብቡት

ማስታወቂያው ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ የአገሩን ቋንቋ መቻል «ተመራጭ ያደርጋል» ካለ አመልክቱ። በአገሩ ቋንቋ ተጽፎ መጨረሻ ላይ «ጥሩ እንግሊዝኛ» ካለ ደግሞ የአገሩን ቋንቋ መቻላችሁን እንደ ቀላል ቆጥሮታል፤ ተርጉማችሁ አታመልክቱ። ሲቪያችሁ ላይ የቋንቋ ደረጃችሁን በትክክል ጻፉ፣ ኤ1 ከሆነ ኤ1። «መካከለኛ» ብሎ ጽፎ ኢንተርቪው ላይ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ መቆም ሌላውን ችሎታችሁንም ያስጠረጥራል።

ሁለት ቅጥር እጃችሁ ላይ ካለና መምረጥ ከከበዳችሁ ደመወዙን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉና ለሁለቱም እነዚህን ጠይቁ። የቅርብ አለቃዬ በምን ቋንቋ ነው የሚያወራኝ? በቡድኑ ውስጥ የአገሩን ቋንቋ የማይችል ሌላ ሰው አለ ወይስ እኔ የመጀመሪያው ነኝ? የቋንቋ ትምህርት ትከፍላላችሁ ወይ፣ በሥራ ሰዓት ነው ወይስ ማታ? ሥራው ቢቋረጥ ፈቃዴ ስንት ጊዜ ያቆየኛል? ሁለተኛው ጥያቄ ላይ «አንተ የመጀመሪያው ነህ» የሚል መልስ ከመጣ ቆም ብላችሁ አስቡ፤ ስብሰባውም ኢሜይሉም ለእናንተ ሲባል ይቀየራል ብሎ ቃል መግባት ቀላል ነው፣ አሥር ሰው በአንድ ሰው ምክንያት ቋንቋውን ሲቀይር ግን ከጥቂት ሳምንት አያልፍም። ከተቻለ ከቡድኑ አባላት አንዱን ለብቻው ለማነጋገር ጠይቁ።

ውሉ ሲመጣ ብዙ ጊዜ በሁለት ቋንቋ ነው የሚመጣው። ሁለቱ ቢጋጩ የትኛው እንደሚጸና የሚል አንቀጽ ፈልጉ። በሳዑዲና በኤምሬትስ የዓረብኛው ነው የሚጸናው፣ ሌላም ቦታ በአብዛኛው የአገሩ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ደመወዙን፣ የሙከራ ጊዜውን፣ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያውንና የሥራ መደቡን ስም የያዙትን ገጾች ከመፈረማችሁ በፊት፣ ቀጣሪው ባላመጣው ተርጓሚ፣ ከሚጸናው ቅጂ ላይ አስነብቡ።